ምስክርነቱ ገና ሳይደርስ

በጉባኤዎቻችን የምንሰማው ምስክርነት የታወቀ መልክ አለው። ታምሜ ነበር፣ ተፈወስኩ። ሥራ አጥቼ ነበር፣ በር ተከፈተልኝ። ከጌታ ርቄ ነበር፣ ተመለስኩ። እንዲህ ያለውን ምስክርነት እወደዋለሁ፤ እኔም ቆሜ የመሰከርኩበት ጊዜ አለ፣ የተናገርኩትም እውነት ነበር። ነገር ግን «አሁን ጨንቆኛል፣ መጨረሻውም ምን እንደሚሆን አላውቅም» ብሎ የሚቆም ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ መከራው ያላለቀለት፣ ጸሎቱ ያልተመለሰለት ሰው ዙሪያውን ሲመለከት የሚያየው የተሻገሩትን ብቻ ነው። ወዲያ ማዶ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምናል። እኔም ያመንኩት ይህንኑ ነው። የምጽፈውም ዛሬ በዚያ ስፍራ ላለ ሰውና ይህንን ሰው ለሚያዳምጡት ነው።

አባቴ በታመመ ጊዜ የመዘምራን መሪ ነበርኩ። ጸለይን፣ ጾምን፣ ሌሊቱን ሙሉ የለመንንበት ጊዜ ነበር። እንደሚድን በልቤ ተቀብዬ ነበር። አልዳነም። ከሞተ በኋላ እግዚአብሔር የለም ብዬ አላውቅም፤ የተሰበረብኝ ሌላ ነገር ነው። ይሰማኛል የሚለው እምነት ነው የተሰበረው። ለጸሎት ስንበረከክ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ይቀር ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት ተስፋው ሁሉ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። እሑድ ሲደርስ ግን ከፊት ቆሜ «እርሱ ይሰማል» የሚሉ መዝሙሮችን አስዘምር ነበር። ከአምልኮ በኋላ ሰዎች መጥተው እጄን ይዘው «ዛሬ ተባረክን» ይሉኛል። ያ ቃል ከምንም በላይ ያመኝ ነበር፤ እነርሱ የተባረኩበትን ነገር እኔ አላገኘሁትምና።

«እንዴት ነሽ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ «ጌታ ይመስገን» ነበር። ቃሉ ቅዱስ ነው፣ በማንኛውም ሁኔታ ውስጥ ሊባል የሚገባው ነው። እኔ ግን በዚያ ጊዜ እንደ መቀርቀሪያ ተጠቀምኩበት፤ ጠያቂው ከዚያ ወዲያ እንዳይገባ።

ዝም ያልኩበት ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ከእኔ በኋላ ያመኑ ወጣቶች ይሰናከላሉ ብዬ ፈራሁ። ከአገልግሎት ያወርዱኛል ብዬም ፈራሁ፤ ይህን ፍርሃት ሰዎች ኩራት ይሉታል፣ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ለብዙዎቻችን አገልግሎት ወዳጆቻችን ሁሉ ያሉበት ስፍራ ነው፤ ከዚያ መውጣት ከሰው መለየት ነው። ከሁሉ የበረታብኝ ፍርሃት ግን ጥርጣሬዬን በአፌ ከተናገርኩት እውነት ይሆናል የሚለው ነው። «ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው» የሚለውን የምሳሌ መጽሐፍ ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁትም ስለ ድካምህ አትናገር፣ አሸናፊነትህን ብቻ አውጅ በሚል ትርጓሜ ነው። ይህ ትምህርት በቅንነት የሚያስተምሩት ሰዎች አሉት፣ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ትክክል ከሆነ ኤርምያስ በምዕራፍ 20 የተወለደበትን ቀን ሲረግም፣ ኢዮብም እንዲሁ ሲያደርግ፣ መጽሐፉ ያንን ቃል ጠብቆ ለእኛ ማስተላለፍ ባልነበረበት። በኢዮብ መጽሐፍ መጨረሻ ደግሞ የሚወቀሱት እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የቆዩት ወዳጆቹ ናቸው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ ነው ይላል።

ከዚህ ሁሉ መካከል እጄን የያዘኝ መዝሙር 88 ነው። በሰባ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር 87 ተብሎ ይገኛል። ከ150ዎቹ መዝሙራት ሲሶ ያህሉ የሰቆቃ ጸሎት ናቸው፤ ሆኖም አብዛኞቹ ወደ መጨረሻው ላይ ይዞራሉ። አለቀስኩ፣ ጮኽኩ፣ ነገር ግን አመሰግንሃለሁ ይላሉ። ይህኛው አይዞርም። ገና ሲጀምር እግዚአብሔርን «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጩኸት ነው። ቀንም ሌሊትም እጮኻለሁ፣ ለምን ትጥለኛለህ፣ ፊትህንስ ለምን ትሰውራለህ ይላል። መጨረሻው ላይ ወዳጆቹ ርቀውታል፣ የቀረው ጨለማ ነው። እዚያው ላይ ያበቃል። «ነገር ግን» የሚል ቃል እንኳ አልተጨመረበትም።

ለእኔ የበለጠ የገረመኝ ርእሱ ነው። መዝሙሩ የቆሬ ልጆች ይባላል፤ የቆሬ ልጆች ደግሞ በመቅደስ የሚያገለግሉ መዘምራን ነበሩ። ለመዘምራን አለቃ የተሰጠ ነው ይላል። ይህ ማለት ሰው በጓዳው ደብቆ የጻፈው ማስታወሻ አይደለም፤ በጉባኤ ፊት እንዲዘመር የተሰጠ ነው። የሚዘምሩት ሁሉ በዚያ ቀን በጨለማ ውስጥ እንዳልነበሩ የታወቀ ነው። ደስ ያለው ሰው ከጎኑ ስለቆመው ሰው ሲል የጨለማውን መዝሙር ይዘምር ነበር። መዘምር እንደመሆኔ ይህን ሳስተውል ለረጅም ጊዜ መጽሐፉን ሳልዘጋ ተቀመጥኩ። እኛ የምናስዘምራቸው መዝሙሮች ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ እንኳ አልነበረም።

በዚያው ሌሊት መጸለይ ስላልቻልኩ ይህን መዝሙር ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። የራሴ ቃል አልነበረኝም፣ የሌላ ሰው ቃል ተዋስኩ። ከሐዘኑ ወዲህ ሳላስመስል የጸለይኩት የመጀመሪያው ጸሎት እርሱ ነው። ልቤ ቀለለኝ አልልም። ለእግዚአብሔር እውነቱን ተናግሬ አለመቀሰፌ ግን ቀጣዩን እርምጃ አስቻለኝ፤ ለሰው መናገርን።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ይህንንም መጻፍ ያለብኝ ብዙዎች ከዚህ በኋላ ዳግመኛ ስለማይሞክሩ ነው። በጸሎት ቡድናችን ውስጥ ተራዬ ደርሶ «የጸሎት ርእስ አለሽ?» ሲሉኝ መጸለይ እንዳቃተኝ ተናገርኩ። ትንሽ ዝምታ ሆነ። አንዱ የእምነት ጉድለት መሆኑን በደግነት ገለጸልኝ። ሌላዋ ስለ ራሷ የድል ታሪክ ነገረችኝ። ከዚያ ጸለዩልኝ፣ ጸሎቱም ስብከት ነበር፤ ወደ እግዚአብሔር እያሉ ለእኔ ይናገሩ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ጉዳዩን ያልነገርኳቸው ሰዎች «እየጸለይንልሽ ነው» ይሉኝ ጀመር። በጸሎት ርእስ ስም የሚተላለፍ ሐሜት አለ፤ የሚያስተላልፉትም ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ውጤቱ ግን አፍን መዝጋት ነው።

ቀጥሎ የተናገርኩት በማኅበረ ምእመናኑ ውስጥ ላሉ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነው። ብዙ የማይናገሩ፣ በመድረክ ላይ የማይታዩ ሰው ናቸው። የመረጥኳቸው አንድ ጊዜ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ «እስከ አሁን አልገባኝም» ሲሉ ሰምቻቸው ስለነበር ነው። ያልገባው ነገር እንዳለ የሚናገር አማኝ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሄጄ «እማማ፣ ልንገርዎትና መልስ አይስጡኝ፣ ብቻ ይስሙኝ» አልኳቸው። ሰሙኝ። ስጨርስ ጥቅስ አልጠቀሱም። «ልጄ፣ ሌሊት ትተኛለሽ? ትበያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አልተኛም ነበር። በደንብም አልበላም ነበር። ከአባቴ ሞት ወዲህ ስለ ሥጋዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ስለ መንፈሴ ነበር የሚጨነቀው።

በኋላ ኤልያስን ሳነብ የእኚህ እናት ጥበብ ከየት እንደመጣ ገባኝ። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ያን ትልቅ ድል ካየ በኋላ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞቱን ይለምናል። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። እምነትህ የት ሄደ አላለውም። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» ብሎ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ንግግሩ ሲመጣ ደግሞ «እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ» ላለው ሰው 7000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው።

ለማን እንደሚነገር ማወቅ ከምንም በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። እውነተኛ መሆን ማለት ለሁሉም መናገር ማለት አይደለም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ሲል የተናገረው ለሦስቱ ነው፤ ለሕዝቡ ቀርቶ ለሌሎቹ ደቀ መዛሙርት እንኳ አልነበረም። ማዘር ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1997 ካረፉ በኋላ ለመንፈሳዊ አባቶቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች በ2007 ታትመው ወጥተዋል። በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት እግዚአብሔር እንደራቀባቸው፣ ጸሎታቸውም ደረቅ እንደነበር ይናገራሉ። ዓለም አያውቅም ነበር። የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ግን ነበሩ። አንድም ሰው የማያውቀው ሸክም እና ጥቂት ሰዎች የሚያውቁት ሸክም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ገመና መጠበቅ ነው፣ የመጀመሪያው ብቻውን መስጠም ነው።

የምትመርጡትን ሰው ለማወቅ የሌሎችን ምስጢር እንዴት እንደሚይዝ ተመልከቱ። ስለ ሌላ ሰው ድካም አንድም ቀን ያልነገራችሁ ሰው የእናንተንም ለሌላ አይነግርም። የሌላውን እየጨመረ «ለጸሎት ብዬ ነው» የሚል ከሆነ እለፉት፣ ምንም ያህል መንፈሳዊ ቢሆን። ከዚያ ደግሞ ስለ ራሱ ያላማረ ነገር የተናገረ ሰው ይሻላል። በእናንተ ላይ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን ለሌለው ሰው መጀመር ይቀላል፤ መጋቢ ወይም የንስሐ አባት ከሆነ ግን «የምነግርዎት በእኛ መካከል ይቀራል ወይስ ለሽማግሌዎች ሊነገር ይችላል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ አባት በጥያቄው አይከፋም፤ የማይጠብቀው ነገር ካለም አስቀድሞ ይነግራችኋል።

መጀመር ላቃተው ደግሞ ቃሉ አጭር ይሁን። ምክንያቱን ሁሉ ለማስረዳት አትድከሙ። «መጸለይ አቅቶኛል።» «ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያስጨንቀኛል።» «የምዘምረውን አላምነውም።» ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ምን እንደምትፈልጉም ተናገሩ፤ መደመጥ ብቻ ከሆነ መደመጥ፣ ምክር ከሆነ ምክር። ሰዎች ምን እንደሚፈለግባቸው ሳያውቁ ሲቀሩ ስብከት ይጀምራሉ። ይህን ከክፋት አልቆጥረውም፤ መደንገጥ ነው። በማርቆስ 9 የታመመውን ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። እምነቱንና አለማመኑን በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ልጁ ተፈወሰለት። ከዚያ የተሻለ አጭር ጸሎት አላውቅም።

ለመዘምራን አስተባባሪያችን የነገርኩት ለእማማ የነገርኩትን ያህል አልነበረም። «ከአባቴ ሞት በኋላ ልቤ አልተጠገነም፣ ለጊዜው ከመድረክ ልረፍ» ብቻ ነበር ያልኩት። ይህ ውሸት አልነበረበትም፣ ሁሉንም መዘርዘርም አላስፈለገውም። የፈራሁት ነገር አልደረሰም። በእርግጥ ጥቂቶች ምን ሠርታ ይሆን ብለው ጠይቀዋል፤ አሳዘነኝ፣ አለፈም። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሌሎች ሲዘምሩ መስማት ግን ያላሰብኩት እረፍት ሆነልኝ፤ እኔ ማመን ባቃተኝ ቀን ጉባኤው ስለ እኔ ያምን ነበር።

የአገልጋይ ድካም አገልግሎቱን ሐሰት ያደርገዋል ብሎ ለሚፈራ የእንግሊዛዊውን ሰባኪ የቻርልስ ስፐርጀንን ታሪክ ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1856 ለንደን ውስጥ በአንድ ትልቅ አዳራሽ እየሰበከ ሳለ አንድ ሰው በሐሰት እሳት ብሎ ጮኸ፤ በተፈጠረው ግፊያ 7 ሰዎች ሞቱ። ስፐርጀን ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ከባድ ድባቴ በሕይወቱ ሁሉ እየተመላለሰ ይይዘው ነበር። እርሱ ግን ይህን ከሚያሠለጥናቸው ወጣት ሰባኪዎች አልደበቀም፤ በግልጽ አስተማራቸው። ከእርሱም በፊት ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 በእስያ ስለደረሰበት መከራ ሲጽፍ፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጠን ነበር ብሎ ነው ለምእመናኑ የነገራቸው፤ ታውቁ ዘንድ እንወዳለን ብሎ ጀምሮ።

አንድ ነገር መለየት አለብኝ፣ ሁሉም ትግል አንድ ዓይነት አይደለምና። የእኔ ሐዘንና የጸሎት ድርቀት ነበር። የሚመላለስ ኃጢአት የያዘው ሰው ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርስ ስለ መናዘዝና ስለ መፈወስ የሚናገረው እዚህ ጋር ይደርሳል፣ ከአድማጩ ጋርም ቀጣይ ክትትል ሊኖር ይገባል። እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ የሚያስደስት ነገር ሁሉ ከከሰመ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቀጠለ ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል፤ እኔም እማማ ገፋፍተውኝ ሄጃለሁ፣ ጠቅሞኛልም። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ እስከ ነገ አይቆይም፤ በዚያው ቀን አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ፣ ወደ ሕክምና ይውሰዳችሁ። በሌላ ሰው የተደፈረ፣ የተደበደበ ወይም በአገልጋይ የተበደለ ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። እርሱ የሚናዘዘው ነገር የለም፤ በዳዩ ነው ያለበት። «ይቅር በልና ዝም በል» የሚል ምክር ከየትም ይምጣ አትቀበሉት። ጉዳዩ ወደ ሕግ መሄድ አለበት፣ ይህንን የሚከለክል መጽሐፍ የለም።

ለሚያዳምጡት ደግሞ የምለምነው አለኝ። የኢዮብ ወዳጆች ከሠሯቸው ነገሮች ሁሉ የተሻለው የመጀመሪያው ነው፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ችግሩ የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ሁሉ ለበጎ ነው» የሚለው የሮሜ 8 ቃል እውነት ነው፤ ገና በሚደማ ሰው ላይ ቶሎ ሲጣል ግን ዝም በል የሚል ይመስላል። «ከአንቺ የባሰ አለ» የሚለውም እንዲሁ፤ የእርሱ መባስ የእኔን አይቀንስልኝም። «እኔም አውቀዋለሁ» ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙ። መልስ ከሌላችሁ «መልስ የለኝም፣ ነገር ግን ነገ እደውላለሁ» በሉና ነገ ደውሉ። እማማ ያደረጉልኝ ይህንን ነው። ይደውላሉ፣ በልተሻል ይሉኛል፣ ተኝተሻል ይሉኛል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ አጭር መዝሙር ያነቡልኛል። ጸሎቴ የተመለሰው ከዚህ ውስጥ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሳይሆን ቃል በቃል፣ ቀስ እያለ። መጀመሪያ ለሌሎች ሰዎች መጸለይ ቻልኩ። ለራሴ የቻልኩት ብዙ ቆይቶ ነው።

አባቴ ለምን እንዳልዳነ አሁንም አላውቅም። እጠይቃለሁ፣ ለእግዚአብሔርም እነግረዋለሁ። ወደ መዘምራንም ተመልሻለሁ። ስመለስ አስተባባሪያችንን አንድ ነገር ለመንኩት፣ ፈቀደልኝ፤ ከምስጋና መዝሙሮቻችን መካከል አልፎ አልፎ ከሰቆቃ መዝሙራት አንዱን በንባብ እናሰማለን፣ ማብራሪያ ሳንጨምር። በጥናት ቡድናችን ደግሞ ከጸሎት ርእስ ሌላ «ያላለቀ» የምንለው ጊዜ አለን። ደንቡ ጥቂት ነው፦ የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ያልፋል፤ ሰው ካልጠየቀ በስተቀር ምክር አይሰጥም፤ እዚያ የተሰማ ለጸሎትም ቢሆን ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከተናገረው ሰው ጋር በሳምንቱ ውስጥ የሚደውል አንድ ሰው ይመደባል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ዝምታ ነበር። እኔ ጀመርኩ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ቀጠለ። እንደዚህ ዓይነት ጊዜ ለመጀመር የሚያስብ ቡድን ካለ በመጨረሻው ደንብ ይጀምር እላለሁ፤ ሰው ተናግሮ ብቻውን ወደ ቤቱ ከሚሄድ ባይናገር ይሻለዋልና። የሚደውለው ሰው ማን እንደሆነ ስብሰባው ሳይበተን ይታወቅ፣ የሚደውልበትም ቀን።